አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሞኒተር፦ በአንድ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ የገጠመ የአዳፕተር ጉዳይ

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ ውስጥ አንድን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከሁለት ሞኒተሮች ጋር ለማገናኘት የተደረገውን ሥራ ይመዘግባል። ሥራው ሲታሰብ የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነበር፤ በተግባር ግን ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጅቷል። ጊዜው የባከነው ኮምፒውተሩ አቅም ስላጣ አይደለም። ማከፋፈያ (አንዱን ምስል ለሁለት ሞኒተር የሚያዳርስ)፣ ተራ ኬብልና መቀየሪያ አዳፕተር (አንዱን የምስል መስመር ወደ ሌላ ዓይነት የሚቀይር) ሥራቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ በገዢውም በሻጩም ዘንድ እንደ አንድ ዕቃ ስለ ተቆጠሩ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከሌሎች ቢሮዎችም በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልኝ፣ ሒደቱን ከነስሕተቱ ማስፈሩን መርጫለሁ። በጉዳዩ የተሳተፉ ሰዎችም ሆኑ ዕቃው የተገዛባቸው ሱቆች በስም አልተጠቀሱም።

የነበረው ሁኔታ

በቢሮው የደንበኞችን ደረሰኝ የምትመዘግበው ባለሙያ ቀኑን ሙሉ የምትመላለሰው በሁለት መስኮቶች መካከል ነው። በአንዱ ስካን ተደርገው በፒዲኤፍ የሚመጡ ደረሰኞች አሉ፤ በሌላው ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ተከፍቷል። በአንድ ባለ 19 ኢንች ሞኒተር ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻል ይሆናል እንጂ ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ ደረሰኙን አይታ፣ ቁጥሩን በልቧ ይዛ፣ መስኮቱን ቀይራ ትጽፋለች፤ ከዚያም ተመልሳ ታመሳክራለች።

እኔ በተገኘሁበት ጠዋት ጠቅላላው 17,250 ብር የሆነ ደረሰኝ እየመዘገበች ነበር። ዋጋው 15,000፣ የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ 2,250 ነው። መስኮቱን ቀይራ የጻፈችው ግን 2,520 ነበር። ድምሩ አልገጥም ሲላት ጥፋቱ ከሌላ ቦታ መስሏት ሦስት ደረሰኝ ወደ ኋላ ሄዳ ፈለገች። ስታገኘው ሳቀችና «ይኸው ነው እንግዲህ፣ ሁለተኛ ስክሪን ያልኳቸው ለዚህ ነው» አለችኝ።

ሥራ አስኪያጁም ጥያቄዋን ተቀብለው ባለ 22 ኢንች አዲስ ሞኒተር ገዝተውላታል። ኮምፒውተሩ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ የ3ኛው ትውልድ ኮር አይ 5፣ ሲስተሙ ዊንዶውስ 10 ነው። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ምስል የሚያወጣው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ በተሠራው ግራፊክስ ነው። አሮጌው ሞኒተር የቪጂኤ (የቆየው ዓይነት የምስል መስመር) መሰኪያ ብቻ ያለው ሲሆን ትክክለኛ ሪዞሉሽኑ፣ ማለትም የምስሉ ነጥቦች ብዛት በወርድና በቁመት፣ 1280 በ1024 ነው። አዲሱ ቪጂኤም ኤችዲኤምአይም (ዲጂታል የምስል መስመር) ያለው ሲሆን ሪዞሉሽኑ 1920 በ1080 ነው።

ችግሩ

ቢሮው እኔን ከመጥራቱ በፊት በራሱ አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር። ከመርካቶ አንድ ጫፉ ከኮምፒውተሩ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ከሁለቱ ሞኒተሮች የሚሰኩ የቪጂኤ ማከፋፈያ ኬብል ተገዛ። ሁለቱም ሞኒተሮች በሩ፤ ነገር ግን በሁለቱም ላይ የታየው ያው አንድ ምስል ነበር። በአዲሱ ሰፊ ሞኒተር ላይ ፊደላቱ ወደ ጎን ተለጥጠዋል፣ ክቡ አርማ እንቁላል መስሏል፤ በሁለቱም ላይ ምስሉ ፈዝዟል።

መፍዘዙ ምክንያት አለው። የቪጂኤ ምልክት የተመጠነው የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 75 ኦም ለሆነ አንድ ተቀባይ ነው። ያለ ማጉያ ሁለት ሞኒተሮች ሲጋሩት የቮልቴጁ መጠን ለእያንዳንዳቸው ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል፤ ብርሃኑ ይደክማል፣ ቀለሙ ይጨልማል። ምስሉ አንድ ዓይነት መሆኑ ደግሞ ብልሽት አይደለም። ማከፋፈያው የተሠራው አንዱን ምስል ለሁለት ለማዳረስ ነውና የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል፤ ኮምፒውተሩም ከአንድ ሞኒተር በላይ መያያዙን አላወቀም።

ሙከራውን ያየ አንድ ቴክኒሻን «ይህ ኮምፒውተር ሁለት ሞኒተር አይችልም፤ ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል» ብሎ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ የጠሩኝ ካርዱን እንድገጥምላቸው ነበር።

ከኋላ የታየው

ካርድ ከመግዛት በፊት ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው ሥር ስቤ ጀርባውን በስልክ መብራት አየሁ። አንድ ሰማያዊ፣ ባለ 15 ቀዳዳ የቪጂኤ መሰኪያ አለ፤ ከአጠገቡ ሁለት የዲስፕሌይፖርት መሰኪያዎች አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሁለቱን ምንነት በቢሮው የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዲስፕሌይፖርት ከሩቅ ሲታይ ኤችዲኤምአይ ይመስላል፤ ለይቶ የሚያሳውቀው ግን አንዱ ጥጉ ብቻ የተቆረጠ መሆኑ ነው። የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ሁለቱም የታች ጥጎቹ የጠበቡ ናቸው።

ይህ ልዩነት ያልታወቀው ሰው ቀድሞኝ ደርሷል። ከሁለቱ ዲስፕሌይፖርቶች በታችኛው ላይ የብረቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ቀለሙም ተፍቆ አገኘሁት፤ የኤችዲኤምአይ ኬብል በጉልበት ሊገባ ተሞክሮበታል። ማን እንደሞከረ አልጠየቅሁም። ላይኛው ግን ደህና ነበር።

ቪጂኤ እ.ኤ.አ. በ1987 በአይቢኤም የወጣና ምስልን በአናሎግ የሚያስተላልፍ ነው፤ ዲስፕሌይፖርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ዲጂታል መስመር ነው። በአንድ ጀርባ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምስል ማውጣት ይችላሉ። ቀሪው ጥያቄ በውስጥ ያለው ግራፊክስ በአንድ ጊዜ ስንት የተለያየ ምስል ያወጣል የሚለው ነበር። የ2ኛው ትውልድ የኢንቴል ግራፊክስ የሚችለው ሁለት ሲሆን፣ የ3ኛው ትውልድ በተወሰኑ ሁኔታዎች እስከ ሦስት ይደርሳል። ስለዚህ ሁለት ሞኒተር ለዚህ ኮምፒውተር ከአቅሙ በላይ አልነበረም፤ ካርዱም አላስፈለገም። አሮጌውን ሞኒተር በቪጂኤ በቀጥታ፣ አዲሱን ደግሞ ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ በሚቀይር አዳፕተር ለማገናኘት ተወሰነ።

ጫፉ ገብቶ ምስሉ ያልመጣበት ኬብል

እዚህ ላይ የራሴ ጥፋት አለ። ዕቃውን ራሴ መግዛት ሲገባኝ ለቢሮው ተላላኪ «ዲስፕሌይፖርትና ኤችዲኤምአይ የሚያገናኝ» ብዬ ነግሬው ሄድኩ። አነጋገሬ አቅጣጫውን አልተናገረም። ልጁ ይዞ የመጣው በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ በሌላው ዲስፕሌይፖርት፣ ከኤችዲኤምአዩ ጫፍ አጠገብ ደግሞ ቀጭን የዩኤስቢ ጅራት ያለው ኬብል ነበር። በማግስቱ ስሰካው ሁለቱም ጫፎች ያለ ችግር ገቡ፤ ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» ብሎ ለጥቂት ሰከንድ ቆየና ጠፋ። ዩኤስቢውን ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁ፤ ለውጥ የለም።

ለሱቁ ደውዬ ስጠይቅ የመጣልኝ መልስ «ወንድሜ፣ ጫፉ እስከ ገባ ድረስ ይሠራል፤ ሞኒተርህን አሳየው» የሚል ነበር። ሻጩ ያታለለኝ አይመስለኝም፤ የውኃ ቧንቧ ከየትኛውም ጫፍ ቢገጠም ውኃ እንደሚያስተላልፍ ሁሉ ኬብሉም እንደዚያው መስሎታል።

እውነታው ሌላ ነው። አብዛኞቹ የኮምፒውተር ዲስፕሌይፖርቶች፣ አንዳንዶቹም በሁለት የመደመር ምልክት ታውቀው፣ ራሳቸው የኤችዲኤምአይ ዓይነት ምልክት ማውጣት ይችላሉ። በዚህ አቅጣጫ የሚሠራው አዳፕተር የቮልቴጁን ደረጃ ከማስተካከል ያለፈ ብዙ ሥራ የለበትም፤ ርካሽና ትንሽ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ኤችዲኤምአይ ብቻ ያለው ኮምፒውተር ግን የዲስፕሌይፖርት ምልክት ማውጣት አይችልም። ለዚያ አቅጣጫ ምልክቱን ተቀብሎ እንደ ገና የሚያዘጋጅ ቺፕ ያስፈልጋል፤ ቺፑም ኃይል ይፈልጋል፤ የዩኤስቢው ጅራት የተንጠለጠለው ለዚህ ነው። በእጄ የያዝኩት ኬብል ኤችዲኤምአዩን ከኮምፒውተር፣ ዲስፕሌይፖርቱን ከሞኒተር የሚጠብቅ ነበር። ጅራቱን ባየሁበት ቅጽበት መጠርጠር ነበረብኝ።

በሦስተኛው ቀን ራሴ ሄድኩ። በባንኮኒው መስታወት ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተለጥፏል፤ ሆኖም ልዋጭ ተፈቀደልን። የምፈልገው የዲስፕሌይፖርት ጫፉ ወንድ፣ የኤችዲኤምአይ ጫፉ ሴት የሆነ አጭር አዳፕተር ስለነበርና ዋጋውም ከመጀመሪያው ኬብል ስለሚያንስ፣ ለልዩነቱ ባለ አንድ ሜትር ተኩል ኤችዲኤምአይ ኬብል ሰጡን። ቢሮ ደርሼ በላይኛው ዲስፕሌይፖርት ስሰካው አዲሱ ሞኒተር ወዲያው በራ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዊንዶውስ ሥራ ቀላል ነበር። የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ፊደል ጋር በመጫን «ኤክስቴንድ» (ስክሪኑን በሁለቱም ላይ ዘርጋ) የሚለው ተመረጠ። በዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ 1 እና 2 የተባሉት ሣጥኖች ሞኒተሮቹ በጠረጴዛው ላይ በተቀመጡበት ቅደም ተከተል ተደረደሩ። ይህ ሲረሳ ማውዙ በቀኝ በኩል ግድግዳ እንደገጠመው ይቆምና በግራ ይወጣል፤ ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልሽት ይቆጥረዋል።

ብዥ ያሉት ቁጥሮች

ሁለቱ ሞኒተሮች ጎን ለጎን በሩ። ባለሙያዋ ግን በማግስቱ ቅሬታ አቀረበች፤ በአሮጌው ላይ 3 እና 8 አይለዩም። ለብቻው በነበረ ጊዜ ያላስቸገራት፣ ከጥርት ያለው ምስል አጠገብ ሲቀመጥ ዓይኗን የሚያደክም ሆነ። ለሒሳብ ሰው ደግሞ 3 እና 8 አለመለየቱ ችግሩ ከተነሣበት ስሕተት የባሰ ነው።

ስመረምረው አሮጌው ሞኒተር የሚሠራው በ1024 በ768 ነበር። በዲቫይስ ማናጀርም (ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዙ ዕቃዎች በሚዘረዘሩበት የዊንዶውስ ገጽ) ስሙ «ጀነሪክ ኖን ፒኤንፒ ሞኒተር» ተብሎ ተመዝግቧል። ይህ ማለት ሞኒተሩ ማንነቱንና የሚችለውን ሪዞሉሽን ለኮምፒውተሩ አልነገረም ማለት ነው። በቪጂኤ ኬብል ውስጥ ይህ መልእክት የሚተላለፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን (በጫፉ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን እግሮች) ነው። ለሞኒተሩ የተተወለት ከማከፋፈያው ጋር የመጣው ረጅም ማራዘሚያ ሲሆን፣ ጫፉን ስመለከት 12ኛው ፒን የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ኬብሉ ምስሉን ያደርሳል፤ የሞኒተሩን መልስ ግን አይመልስም።

ሙሉ ፒን ባለው አጭርና ወፍራም ኬብል ሲተካ ዊንዶውስ ሞኒተሩን በስሙ አወቀው፤ ሪዞሉሽኑም 1280 በ1024 ላይ ተስተካከለ። ከዚያም ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ጽሑፍ የሞላበትን ሰነድ በሙሉ ስክሪን ከፍቼ የሞኒተሩን «አውቶ» ቁልፍ ተጫንኩ። አናሎግ ሞኒተር የምስሉን ጠርዝና የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ የሚገምተው ከሚታየው ምስል በመነሣት ስለሆነ፣ ባዶ ወይም ጨለማ ስክሪን ላይ ቁልፉ ቢጫኑት በደንብ አያስተካክልም። 3 እና 8 ተለያዩ። እርግጥ ከአዲሱ ጋር እኩል አልሆነም፤ ስለዚህ ደረሰኙ በአሮጌው በትልቁ እንዲከፈት፣ ፒችትሪ ደግሞ በአዲሱ እንዲሆን ተስማማን።

ሥራ አስኪያጁ ለአሮጌውም ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ቢገዛ ይጠራ እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። አልመከርኳቸውም። ሞኒተሩ የሚቀበለው ቪጂኤ ብቻ ስለሆነ መጨረሻው ያው አናሎግ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ እያወጣው ያለውን ምልክት በርካሽ አዳፕተር ውስጥ ማሠራት ጥቅም የለውም።

መብራት ሲሄድ የሚሰደዱ መስኮቶች

ሁለት ሳምንት ገደማ በሰላም ካለፈ በኋላ ያልጠበቅነው ችግር መጣ። መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር በአዲሱ ሞኒተር ላይ የተከፈቱት መስኮቶች ሁሉ ወደ አሮጌው ተሰደው ይከመራሉ፤ መብራቱ ሲመለስም ወደ ቦታቸው አይመለሱም። ባለሙያዋ የሒሳቡ መረጃ የጠፋ መስሏት ደንግጣ ደወለችልኝ።

ምክንያቱ የተገኘው ከጠረጴዛው ሥር ነው። ኮምፒውተሩና አሮጌው ሞኒተር በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ) ላይ ናቸው፤ አዲሱ ግን በመጣበት ቀን የዩፒኤሱ ሶኬቶች በሌላ ዕቃ ስለ ተያዙ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ አዲሱ ሞኒተር ብቻ ይጠፋል። በዲጂታል መስመር ደግሞ ሞኒተሩ መኖሩን የሚያሳውቅ ምልክት ለብቻው ስላለ፣ ያ ምልክት ሲቋረጥ ዊንዶውስ ሞኒተሩ የተነቀለ ያህል ቆጥሮ መስኮቶቹን ወደ ቀረው ያሸጋግራል። ከዩፒኤሱ የስልክ ቻርጀርና የፕሪንተር መሰኪያ ተነቅለው ለሞኒተሩ ቦታ ተለቀቀ። ባለ 22 ኢንች ኤልኢዲ ሞኒተር የሚወስደው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ለዩፒኤሱ ጭነት አልሆነበትም፤ ፕሪንተሩን ማንሣትማ ድሮም የሚገባ ነበር።

ሙሉ በሙሉ ያልተፈታ ነገርም ቀርቷል። ባለሙያዋ ምሳ ስትወጣ ሞኒተሩን በቁልፉ ካጠፋችው መስኮቶቹ አሁንም ይሰደዳሉ። በቁልፍ እንዳታጠፋው፣ መስኮት ሲሰደድባትም የዊንዶውስና የሺፍት ቁልፎችን ከቀስት ጋር ተጭና እንድትመልሰው አሳየኋት። አልፎ አልፎ ትረሳዋለች።

የሥራ አስኪያጁ ላፕቶፕ

ውጤቱን ያዩት ሥራ አስኪያጅ ለራሳቸው ላፕቶፕም ሁለት ሞኒተር ፈለጉ፤ እንደ መጀመሪያውም ጊዜ ቀድመው ማከፋፈያ ገዝተው ጠበቁኝ፤ ልዩነቱ ይህኛው የኤችዲኤምአይ መሆኑ ነው። ውጤቱ ያው ነበር፤ ሁለት ሞኒተር፣ አንድ ምስል። ላፕቶፑ ዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ስላለው በቦርሳዬ የያዝኩትን የዩኤስቢ ሲ ኤችዲኤምአይ አዳፕተር ሞከርኩ፤ ምንም አልመጣም። የዚያ ላፕቶፕ ዩኤስቢ ሲ ዳታ ብቻ የሚያስተላልፍ ነበር። ቅርጹ አንድ ቢሆንም ምስል የማያወጣ ዩኤስቢ ሲ ብዙ አለ።

የቀረው አማራጭ ዲስፕሌይሊንክ የተባለው ቺፕ ያለበት የዩኤስቢ አዳፕተር ነው። ይህ ዓይነቱ ከሌሎቹ ይለያል፤ ምስሉን የሚያዘጋጀው በድራይቨር (ዊንዶውስ ዕቃውን እንዲያሠራ የሚያስችል ፕሮግራም) አማካይነት የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ሲሆን፣ ከተጨመቀ በኋላ በዩኤስቢ ይላካል። መጀመሪያ በጥቁሩ ዩኤስቢ 2.0 ላይ ተሰክቶ ማውዙ እየተጎተተ ይሄድ ነበር። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሳይጨመቅ ሲላክ ወደ 3 ጊጋቢት ገደማ ሲሆን፣ ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ የሚያሳልፈው ቢበዛ 480 ሜጋቢት ነው። 5 ጊጋቢት ወደሚያሳልፈው ሰማያዊው ዩኤስቢ 3.0 ሲዛወር ለኤክሴልና ለኢሜይል በቂ ሆነ። ቪዲዮ ሲከፈትበት ግን የላፕቶፑ ፋን ይጮኻል፤ ዊንዶውስ ተነሥቶ ድራይቨሩ እስኪጀምር ድረስም በዚያ ሞኒተር ላይ ምንም አይታይም።

ከጉዳዩ የሚወሰዱ ትምህርቶች

በሌላ ቢሮ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ ስንት የተለያየ ምስል ማውጣት ይችላል የሚለውን ነው። ማከፋፈያ ይህን ቁጥር አይጨምርም፤ መቀየሪያ አዳፕተርም አይጨምርም። የሚጨምሩት ግራፊክስ ካርድ ወይም የራሱ ቺፕ ያለው የዩኤስቢ አዳፕተር ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የሚገዙት የኮምፒውተሩ ጀርባ ከታየ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የሚጣራው አቅጣጫ ነው። አሁን ሰው ወደ ሱቅ ስልክ የምለው «ከኮምፒውተሩ ዲስፕሌይፖርት ተነሥቶ ወደ ሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ» ብዬ ነው፤ በወረቀትም ላይ በቀስት ሥዬ እሰጣለሁ። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በውስጡ ቺፕ ያለበትን መጠየቅ ይኖርበታል፤ በሁለት ጫፍ ኤችዲኤምአይና ቪጂኤ ብቻ ያለው፣ ቺፕ የሌለው ተራ ኬብል ዲጂታሉን ወደ አናሎግ አይቀይርም።

ኬብልና ኃይልም በመጀመሪያው ቀን ቢታዩ ኖሮ ሁለት ምልልስ ይቀርልኝ ነበር። የቪጂኤ ኬብል ፒኖች መቆጠር ነበረባቸው፤ ሁለቱም ሞኒተሮች ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ዩፒኤስ ላይ መሆናቸውም በዓይን መረጋገጥ ነበረበት።

የታጠፈውን ዲስፕሌይፖርት ለማቃናት አልሞከርኩም፤ ቀጫጭኖቹ ፒኖች ቢሰበሩ አደጋው ለላይኛውም ይተርፋል ብዬ ፈራሁ። በነጭ ፕላስተር ሸፍኜ «እዚህ አይሰካም» ብዬ ጻፍኩበት። አሮጌው ሞኒተር ሲያረጅና በዲጂታል ሲተካ ያ መሰኪያ ስለሚያስፈልግ፣ ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።